እማዬ በልታ የምትመጣበት ቤት

ሜዮ፣ መጋቢት 1847

ባሕር ማዶ ሊቨርፑል ላለሽው እህት ዓለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉ ለቀቀሽ? እመቤትሽስ አሁንም በደወል ነው የምትጠራሽ? እኛ በሕይወት አለን፣ ፈጣሪ ይመስገን።

ይህን የጻፈልን መምህሩ እንዳይመስልሽ! እኔው ነኝ! ክረምቱን ማታ ማታ ስማር ከርሜ፣ መምህሩ ራሱ «ካንተ ወዲያ ሌላ ተማሪ አያሳየኝ» ብሎኛል። ምስጋና ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ደግም ሆነልን፤ የዛሬው ወሬ በሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም።

ድንቹ እንደ አምናው መሬት ውስጥ እንዳለ ጠቁሮ መበስበሱን ሰምተሻል። እኔ ለመንግሥት መንገድ ድንጋይ እፈልጣለሁ፤ በሚከፈለኝ ያቺን ቢጫ የበቆሎ ዱቄት እንገዛለን። ታዲያ ማታ ስገባ እማዬ ገንፎውን ለእኔ ብቻ ታቀርባለች። «አንቺስ?» ስላት «ቀን እትዬ ሳባይና ቤት በልቻለሁ፤ አንተ ድንጋይ ፈላጩ ብላ» ትላለች። በምግብ ሰዓት የገባ ሰው ሳይቀምስ አይወጣምና አመንኳት። በላሁም።

በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። እትዬ ሳባይና እንደ እኛው ድንቿ የበሰበሰባት መበለት ናት። ከየት አምጥታ ነው ሰው የምትጋብዘው? ባሕሩ ዳር የመጣው ሰባኪ ቤተ ክርስቲያናችንን ለሚተው ሁሉ ሾርባ ያድላል። ጠጥታለች አልኩ። ቀጥሎም የባሰው መጣብኝ፤ እማዬም አብራ ጠጥታ ቢሆንስ? አባዬ አጠገብ ማን ያስቀብራታል? ተኝታ ሳለች ነጠላዋን አንስቼ አሸተትኩት። ሥጋም ሽንኩርትም አይሸትም። ይኼ ደግሞ ጭራሽ ጥርጣሬዬን አባሰው፤ አጥባዋለች ማለት ነው።

በማግስቱ የእትዬ ሳባይናን ልጅ ፌስተስን ሥራ ላይ ነካ አደረግሁት። «አንተ፣ የእናትህ ድስት ዘንድሮ ሰፍቷል አሉ። ሾርባው ይጥማል?» ብለው መዶሻውን ጣለ። «አፍህን ዝጋ! እናቴ በየቀኑ እናንተ ቤት ጠግባ እየመጣች፣ ገንፎዋን ለእኔ ትታ ታድራለች። እናንተ ናችሁ ሾርባ ጠጪዎቹ!» አለኝ። «ውሸታም!» አልኩት። «አንተ ነህ ውሸታም፣ ፊደል ቆጠርኩ ብለህ!» አለኝ። ልንደባደብ ምንም አልቀረን፤ በመጨረሻ ሁለታችንም ሄደን በዓይናችን እንይ ተባባልን።

በምሳ ሰዓት ሾልከን እነፌስተስ ቤት ደረስን። በሩ ተዘግቷል። በእኛ አገር በምሳ ሰዓት በር የሚዘጋ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ያዝናቸው ብዬ በቀዳዳው አጮለቅሁ።

ምድጃው ላይ ድስት የለም። ሁለቱ አሮጊቶች ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል። እማዬ «ዛሬ ዓሣውን እኔ ልጥበስ፤ የትናንቱን አሳርረሽብኛል» ትላለች። እትዬ ሳባይና «እንግዲያስ ቅቤውን አትሰስቺ፣ አንቺ ቆንቋና!» ብላ ባዶ መዳፏን ትዘረጋለች። ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲስቁ የእማዬን አንገት አየሁት። ተይው።

ፌስተስ እጄን ጎትቶ ወሰደኝ።

ማታ ገንፎው ሲቀርብ «እኔ አሠሪው ቤት በልቻለሁ፤ የዛሬው ያንቺ ነው» አልኳት። «አሠሪው? ያ ስስታም? ለራሱ ውሻ እንኳ አጥንት የማይጥለው?» ብላ ዓይኗን ተከለችብኝ። እኔም ዓይኔን ተከልኩባት። ገንፎው መሃላችን ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ እሷ፣ አንድ ማንኪያ እኔ ሆነ፤ መዋጧንም ጉሮሮዋን እያየሁ አረጋግጣለሁ። እሷም የእኔን።

እህቴ፣ ከዚያ ወዲህ በልቻለሁ የሚለኝን ሰው አላምንም። ባለፈው የላክሽው የአጃ ዱቄት ደርሶናል። «እመቤቴ የምትሰጠኝ ምግብ ተርፎኝ ነው» ብለሻል። ተርፎሽ? እስቲ ትናንት ምን በላሽ? የዛሬ ሳምንትስ? ማን ነው ያቀረበልሽ? ጨው ነበረው? አንድ በአንድ ጻፊልኝ፤ አሁን ማንበብ እችላለሁና አታታልይኝም። ከእንግዲህም ግማሹን ብቻ ላኪ።

ለእኔ አታስቢ፤ ቀን ቀን ፌስተስ ጋር እበላለሁ። ጽሕፈቴ የተንቀጠቀጠው ብዕሩ መናኛ ስለሆነ ነው።

የባሕሩ ጌታ ይጠብቅሽ፣ የምትጎርሽውን አያሳጣሽ፣ ከእማዬ ጋር በአንድ ማዕድ ያገናኘን።

ጥጋበኛው ወንድምሽ