ያሠራሽልኝ አጥር

ልጄ፣ መንገድሽ ይቅና፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከአምናው ይሻላል። ወንድምሽ ጢሙን አሳድጎ ቁርጥ አባትሽን መስሏል።

አሁን ሳትቆጪ አንብቢልኝ። ያሠራሽልኝን የድንጋይ አጥር በታች በኩል አፈረስነው። ክረምት ሳይገባ የሰፈሩ ሰው ተሰብስበን፣ ጎርፍ ቢመጣ ማን ቀድሞ ይጎዳል ብለን ቤት ለቤት ዞርን። እኔማ የሰው ጉድ ላይ መነጽሬን ሰክቼ ከፊት ከፊት እቀድም ነበር። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ቤት ስንደርስ፣ "እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ ውሃውን ወደ እኔ የሚመልሰው የእርስዎ አጥር ነው" አለችኝ። ለካ ግንበኛው አጥሩን የሠራው የጎርፍ መውረጃው ቦይ ላይ ኖሯል! ሁለት ክረምት ሙሉ የስፌት ማሽኗን ጠረጴዛ ላይ እየሰቀለች፣ ልጅ ለእናቷ ያሠራችውን እንዴት አፍርሱ እላለሁ ብላ ዝም ብላለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አፈረሰው፣ ቦዩንም ጠረገው። በድንጋዩ የእሷን ደጃፍ ከፍ አድርገን ደረጃ ሠራንላት። ባለፈው ሳምንት ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ፣ ውሃው በቦዩ አልፎ ሄደ፤ እሷ ቤት ጠብታ አልገባም። የማሽኗን ድምፅ ከዚህ ሆኜ በሰማሁ ቁጥር ተመስገን እላለሁ።

አደራሽን ደውለሽ አናግሪያት። "ልጅዎ ባሠራችው ደረጃ ነው የምወጣው የምወርደው" እያለች ስትመርቅሽ ትውላለች።

ክፉ አይንካሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ስትመጪ በር አታንኳኪ፤ በፈረሰው በኩል ቀጥ ብለሽ ግቢ።

እናትሽ