ከቡልቡላ መገናኛ ስንት ደቂቃ ነው?

ሰኞ

ማሽኑን ለሌላ ታማሚ ሰጡብን። የአባዬ የኩላሊት እጥበት መገናኛ ያለው ሆስፒታል ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ የደረስነው ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ። ሌላ ተራ እስኪገኝ ኩርምት ብሎ እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቀ። ጥፋቱ የኔ ነው። የመኪናዋ ጂፒኤስ ሃያ አራት ደቂቃ አለ፣ ስልኬ አርባ አንድ። የጣመኝን አመንኩ። በዚያ ላይ አባዬ ከአራተኛ ፎቅ ሲወርድ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ሳይል አያልፍም። ልጆችሽ ደህና? ሥራስ? ያ ጉልበትሽስ? «ረፈደ!» ብዬ ጮኽኩበት። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አለኝ። ይኸው ስለቅም ዋልኩ።

ማክሰኞ

ቢሮ ለሳምሶን ነገርኩት፤ የካርታ ሥራ ያውቃል። ሳቀብኝ። የመኪናዋ ጂፒኤስ የመንገዱን ርዝመትና የተፈቀደውን ፍጥነት ብቻ ነው አሉ የሚያሰላው፣ መንገዱ ባዶ ይመስል። ስልኩ ግን አሁን መኪኖቹ እንዴት እየሄዱ እንደሆነ ያያል። «ሁለቱም መቁጠር የሚጀምሩት ጎማው ሲንቀሳቀስ ነው። አባትሽን አያውቋቸውም» አለኝ። እውነቱን ነው።

ስልኩ 41
መኪና ማቆሚያ ፍለጋ 6
ደረጃ 5
ሰላምታ 11 (!)

ረቡዕ

ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ከቤት ወጣን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከጎረቤታችን ከአቶ ከድር ጋር ሲጠያየቁ አፌን ያዝኩ። «ዛሬ ምን ነካሽ?» አለኝ አባዬ። አሥር ደቂቃ ቀድመን ደረስን። እሰይ!

ዓርብ

ዛሬ ማንንም ሰላም አላለም። የሦስተኛ ፎቋ እትዬ ዘነበች በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁት፤ እጁን ብቻ አንስቶ አለፈ። አሥራ አንዷ ደቂቃ ተረፈችልን፣ እኔ ግን ፈራሁ። ነርሷን «ሰው ሰላም ሳይል ወጣ» አልኳት። የምቀልድ መስሏት ነበር። የደም ግፊቱን ስትለካ ግን ሐኪም ልትጠራ ሮጠች። «እንኳን ቀደም ብላችሁ መጣችሁ» አለችኝ በኋላ። አስተኙት። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ጌታን ለመንኩ፤ ስለ ጩኸቴም ይቅር በለኝ አልኩት።

ሰኞ

አባዬ ትናንት ከሆስፒታል ወጣ። ዛሬ እጥበት አለው። መኪናዋ ያው ሃያ አራት ትላለች፣ ስልኬ ሃምሳ። መሪው ላይ ደብተሬን አስደግፌ እየጻፍኩ ነው። አቶ ከድር ደግፈው እያወረዱት ነው፤ ድምፁ እታች ድረስ ይሰማል። በሰላምታ ብቻ አሥራ አምስት ደቂቃ አልፏል። እንደርስ ይሆን? እንጃ። ገና እትዬ ዘነበች በር ላይ ነው።

«ያ ጉልበትሽስ?» እያላቸው ነው።