ጎማ አዎ፣ ቫልቭ አይ

መስከረም 22

ዛሬ ሁለት የቡና ማሽን። የፍርድ ቤቱ ካፌ እንፋሎት አልወጣ ብሎ ነበር። የውሃ ዝቃጭ ጫፉን ደፍኖት ኖሯል፣ በመርፌ ጠረግኩት፣ አለቀ። ከዚያ አሰልጣኙ ጋ። የጎማ ቀለበቱ አርጅቶ ቡና በሚገባበት እጀታ ዙሪያ ውሃ ያንጠባጥባል። ላዩ ላይ ያለው ቫልቭም እንፋሎት መትፋት ጀምሯል። አሰልጣኙ ከስፖርት መምህርነት ጡረታ ወጥቶ ካፌውን ከከፈተ አራት ዓመቱ ነው፣ ፊሽካው ግን አሁንም ከአንገቱ አልወረደም። እኔ ማሽኑ ስር ተጋድሜ እሱ "ቶሎ በል፣ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ!" ይለኛል። ሚስቱ ከማሽኑ ፊት ቆማ ትስቃለች። ቡና የምታወጣው እሷ ናት፣ እሱ ሥራው መጮህ ነው።

ቀለበትና ቫልቭ ልገዛ የማሽኑ አስመጪ ወኪል ጋ ሄድኩ። ባንኮኒ ላይ ያለችው ልጅ ገና ሳልናገር ዕቃውን ታወጣልኝ ነበር። ዛሬ ቀና አላለችም።

"ጋሼ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ መለዋወጫ የምንሸጠው ከእኛ ጋር የጥገና ውል ላላቸው ብቻ ነው።"

"እኔስ?"

"እርስዎማ... የውጭ መካኒክ ነዎት።"

የውጭ! ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ በር ስገባ ስወጣ ኖሬ... የውጭ።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ባለቤቴ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ክምር ውስጥ ተቀብራ ትሰፋለች። አልነገርኳትም።

መስከረም 24

ነገርኳት። ስፒሏን ከአፏ አውጥታ "ታዲያ ከሌላ ቦታ ግዛ" አለች። ለሷ ቀላል ነው!

ጥቅምት 1

ለካ ቀላል ነበር። ስልክ ላይ ሁሉም አለ። ባሕር ማዶ ያሉ ሻጮች የማይሸጡት ነገር የለም... ቀለበት፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ ማጥለያ። ዋጋው ወኪሉ ከሚጠራው ስድስተኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ይሄን ሁሉ ዓመት ስዘረፍ ነው የኖርኩት?

የአሰልጣኙን አሮጌ ቀለበት ለካሁ፣ ውፍረቱ ስምንት ሚሊሜትር። ሃያ አዘዝኩ። አራት ሴፍቲ ቫልቭም ጨመርኩ። ውሃ ማፍያው ቦይለር ውስጥ እንፋሎት ልክ ሲያልፍ ተከፍቶ የሚያስተነፍሰው እሱ ነው፣ ማንም ካፌ አንድ ቀን ይፈልገዋል። ከሁሉም ርካሹን መረጥኩ። ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ጥቅምት 30

መጣ! ፖስታ ቤት በር ላይ ነው የቀደድኩት፣ ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። ቫልቮቹ እንደ ጌጥ ያብረቀርቃሉ።

በቀጥታ አሰልጣኙ ጋ። አሮጌውን ቫልቭ ፈትቼ አዲሱን አሰርኩለት፣ ቤቱ ፀጥ አለ። "እጅህ ይባረክ!" አለኝ። ቀለበቱ ግን... እጀታው ማቆሚያ አጣ። መሃል ላይ መያዝ ሲገባው አልፎ ወደ ቀኝ ጥግ ይሄዳል፣ ሄዶም ያንጠባጥባል። ሌላ ቀለበት ሞከርኩ፣ ያው። ሌላ፣ ያው። ሚስቱ ጨርቅ አምጥታ ከስሩ አነጠፈች። ከስድብ ይልቅ ያ ጨርቅ አሳፈረኝ።

ኅዳር 2

ቁርስ ላይ ቀለበቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ሻጩን ስረግም ባለቤቴ አንዱን አነሳች። አሮጌውንም አነሳች። በጣቷ ጫን ጫን አደረገቻቸው።

"ልኩን ከምን ወሰድከው?"

"ከአሮጌው ነዋ።"

"ስንት ዓመት ሲጨመቅ የኖረ ነው?"

"...ሁለት።"

"ታዲያ ከለበሱት ልብስ ላይ ልክ ይወሰዳል እንዴ? ሰው ጉልበቱ የተለጠጠ ሱሪ ይዞልኝ ሲመጣ እኔ የምለካው ገላውን ነው።"

ቀለበቶቹን ሰብስቤ ወደ ፌስታሉ መለስኩ።

በዚህ አላበቃችም። የመለኪያ ካሊፐሬን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ "ተነስ፣ ገላውን አሳየኝ" አለችኝ። አሰልጣኙ ጋ ሄድን። ቀለበቱ የሚቀመጥበትን የብረት ጎድጓዳ አስጠርጋ ሦስት ቦታ ለካች። እየለካች ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዩኒፎርም ስትለካ እንደምታደርገው። ስምንት ተኩል! ግማሽ ሚሊሜትር ናት ጉዱን ያመጣችው። ሻጩ ምን በደለ? የጠየቅኩትን ነው የላከልኝ።

እኔ ደግሞ እስከዛሬ አንድም ቀን ለክቼ አላውቅም። ወኪሉ ኮድ አይቶ ይሰጠኝ ነበር፣ የእኔ ሥራ ማሰር ብቻ ነበር። ይሄን ለራሴ መጻፍም ይተናነቀኛል።

ኅዳር 5

አሁን የምታዝዘው እሷ ናት። ቁጭ ብዬ አየኋት። እኔ ዋጋ ነበር የማየው፣ እሷ ፎቶ ነው የምታየው።

"እይ፣ ይቺ ፎቶ አሥራ አንድ ሱቅ ውስጥ አለች። አንዱ አነሳት፣ አሥሩ ሰረቋት። ዕቃውን በዓይናቸውም አላዩት።"

በመጨረሻ የመረጠችው ሻጭ ፎቶው የደበዘዘ ነው። ዕቃው ሁሉ አንድ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጥፍሩ የጠቆረ አውራ ጣት ገብቷል።

"ይሄ ሰው መዶሻ ያውቃል" አለች።

ስሙ አውራ ጣት ሆኖ ቀረ። ቀለበቱን ማስመሪያ ላይ አድርጎ ፎቶ እንዲያነሳላት ጻፈችለት፣ ሻያችንን ሳንጨርስ አንስቶ ላከ። ስምንት ተኩል። አዘዘች። እኔ ከከፈልኩት ትንሽ ይበልጣል፣ ከወኪሉ ጋር ግን የሚወዳደር አይደለም።

ከዚያ የዕቃ ዝርዝሩን ወደ ታች ስትስብ እንደ እኔው ያለ የሚያብረቀርቅ ቫልቭ አየች። አንድ ጥያቄ ጻፈች።

"ምን ብለሽ ነው?"

"መልሱ ሲመጣ ታያለህ።"

ኅዳር 8

መልሱ ዛሬ ጠዋት መጣ። ስልኩ ወደ እኛ ቋንቋ የሚመልሰው እንደፈቀደው ነው። የሷ ጥያቄ፦ "ይህን ቫልቭ እናትህ በምትሠራበት ማሽን ላይ ታስረዋለህ?" የሱ መልስ፦ "ጎማ አዎ። ቫልቭ አይ። እናት አንድ ናት።"

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ከአራቱ ስንት ቀረህ?"

"ሦስት።"

"አንዱስ?"

ሳቄ እዚያው ቀረ።

ጎሚስታው ጋ ሮጥን። የአየር መሙያ ኮምፕሬሰር አለው፣ የግፊት መለኪያም አለው። ቫልቩ አንድ ነጥብ ስምንት ባር ግፊት ላይ መከፈት አለበት። የመጀመሪያው ሁለት ላይ ተነፈሰ። ሁለተኛው ሦስት ተኩል ላይ። ሦስተኛው... ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ምንም። ጎሚስታው "ኧረ ተው አንተ ሰውዬ!" ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ዘጋሁት።

አራተኛው የአሰልጣኙ ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ፊት ቀኑን ሙሉ የምትቆመው ሚስቱ።

መንገድ ላይ የምናገረውን ሳሰላስል ነበር። "ለተለመደው ፍተሻ ነው የመጣሁት ብዬ እቀይረዋለሁ" አልኳት። ባለቤቴ ቀጥ አለች፣ በሰው መሃል።

"እንደሱ የምትል ከሆነ አብሬህ አልገባም።"

"ስሜ ይጠፋልኮ።"

"ይጥፋ።"

ገባን። ጢም ብሏል፣ ወንበር የለም። ሳልጠይቅ ማሽኑን አጠፋሁት። አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ነገርኩት፣ ደንበኛው ሁሉ እየሰማ። ርካሽ ስለሆነ እንደገዛሁት። ሳልፈትሽ እንዳሰርኩት። ጓደኞቹ ፈተና እንደወደቁ።

ክንዱን አጣጥፎ ጠየቀኝ።

"ዛሬ ባትፈትሸው ኖሮ ትነግረኝ ነበር?"

"ባልፈትሸው አላውቅም ነበር።"

"ይሄ መልስ አይደለም።"

አይደለም። ሚስቱ ከማሽኑ ፊት ገለል ብላ ሽርጧን ፈታች። ለባለቤቴ ወንበር ሳበችላት። ለኔ አልሳበችም።

ቫልቩን ፈትቼ ጎሚስታው ጋ ተመለስኩ። አራት ላይ ተከፈተ። አራት! ያ ቦይለር አራት ላይ ሳይደርስ ምን ይሆን ነበር? ማሰብ አልፈልግም... ግን ከማሰብ በቀር ምንም አልሠራሁም።

ኅዳር 9

ይሄን ቀን በደንብ ልጽፈው።

ባለቤቴ ግራጫ ካፖርቷን ለበሰች፣ ለትልቅ ጉዳይ ብቻ የምታወጣውን። አራቱን ቫልቭ በመሐረብ ቋጠረች። "ወኪሉ ጋ ነው" አለች። ያሳፍሩሻል፣ ተይው አልኳት። የሰማችኝም አልመሰለኝ። ተከተልኳት፣ ከኋላዋ እንደ ተማሪ።

ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወጣ። "እመቤቴ፣ የድርጅታችን መመሪያ..." ብሎ ጀመረ። መሐረቡን ባንኮኒው ላይ ፈታችው።

"ቀለበት ልለምንዎ አልመጣሁም፣ ቀለበት አግኝቻለሁ። ይሄ ግን ሰው እንዳይቀቀል የሚጠብቅ ዕቃ ነው። እነዚህ አራቱ አይጠብቁም። የእናንተው ይጠብቃል። አንሸጥም ካላችሁ መብታችሁ ነው፣ አልጣላም። ብቻ እንደማትሸጡ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ይስጡኝ። የካፌው ባለቤት ሲጠይቀኝ የማሳየው።"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ልጅቷ መጻፏን አቆመች። ሥራ አስኪያጁ ቫልቮቹን አንድ በአንድ አገላበጣቸው።

"ማን ነው የፈተሻቸው?"

"ባለቤቴ። ጉድለቱን ያገኘው እሱ ነው።"

እሱ ነው አለች! ማን እንዳሰረው አልተጠየቀችም፣ አልተናገረችም። ትናንት በሰው ፊት እንድዋረድ ያስገደደችኝ ሴት፣ ዛሬ በሰው ፊት ቀና አደረገችኝ። ሁለቱንም እንዴት ቻለችበት?

ሰውየው ገብቶ ቫልቩን ራሱ አመጣው። ለልጅቷም "ለሴፍቲ ቫልቭ ማንም ይምጣ፣ ሽጪለት" አላት። ሙሉ ዋጋውን ከፈልን። ቅር ሳይለኝ እንደዚያ ከፍዬ አላውቅም።

ኅዳር 10

ካፌው ሳይከፈት፣ አሰልጣኙን ይዤ ጎሚስታው ጋ። አዲሱ ቫልቭ አንድ ነጥብ ስምንት ላይ "ፊሽ!" አለ። አሰልጣኙ ሁለቴ አስደገመኝ። ከዚያ አሰርኩት።

"ቢጫ ካርድ ነው ያየኸው" አለኝ። "ቀይ ቢሆን እዚህ በር አትገባም ነበር። ስለነገርከኝ ነው ቢጫ የሆነው።"

ሚስቱ ሽርጧን አሰረች። የመጀመሪያውን ቡና ለባለቤቴ፣ ሁለተኛውን ለኔ። ይበቃኛል።

ታኅሣሥ 16

የአውራ ጣት ቀለበቶች ደረሱ። እጀታው ሄዶ ሄዶ መሃል ላይ ቀጥ! አንድ ጠብታ የለም። አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ፣ የደነገጠ ደንበኛ ሻይ ደፋ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ከስር አየችው። "ተስማማው" አለች። ስለ ቀሚስ የምትለውን።

ታኅሣሥ 17

የቀለበት ነገር እንዲህ ያስደስታል እንዴ ሰውን?

ጥር 19

ወሬው ወጣ። ከእኔ ጋር እንደ ድመትና ውሻ የነበሩ መካኒኮች ሁሉ እኛ በር ላይ ናቸው። እኔን ፈልገው ከመሰላችሁ... ለማን ነው የምጽፈው? እኔን ፈልገው ከመሰለኝ ተሳስቻለሁ። እሷን ነው። "እትዬ ሚሊሜትር" ብለዋታል። ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ "ከዚህ የባሰም ስም አለ" ብላ አለፈችው።

ቤታችን ግድግዳ ላይ የቀሚስ ንድፍ በሚሰቀልበት ቦታ አሁን የማሽን ንድፍ ተሰቅሏል። በዚያው ቡናማ ወረቀት፣ በዚያው ሰማያዊ እርሳስ። የእያንዳንዱ ማሽን ጎድጓዳ በትክክለኛ መጠኑ ተሥሏል። ቀለበት ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፣ ከመስመሩ ከወጣ ይመለሳል። ላዩ ላይ ደግሞ በትልቁ ጽፋለች፦ ጎማ፣ ማጥለያ፣ እጀታ፣ ከባሕር ማዶ ይገዛ። ቫልቭና ማሞቂያ ከወኪል ብቻ። አንዱ መካኒክ "ማሞቂያውንስ ግድ የለም" ብሎ ሊከራከራት ቢል "እንግዲያው ለራስህ ቤት እዘዝ" አለችው። አላዘዘም።

አውራ ጣትም ለካ ሴት ናት! ባለቤቴ ስለ ጥፍሩ ጠይቃ፣ "ባለፈው ዓመት በመዶሻ መታሁት፣ የአባቴን ሱቅ ከወረስኩ ጀምሮ ሦስተኛ ጥፍሬ ነው" የሚል መልስ ከፎቶ ጋር መጣ። የአርባ ዓመት ሴትዮ፣ ሰማያዊው ጨርቅ ደግሞ የራሷ ሽርጥ። እኔ ስንት ወር "ሰውየው፣ ሰውየው" ስል! ባለቤቴ አልገረማትም። "ፎቶው ላይ ጨርቁ ተተኩሷል" አለች።

እኔ ያላየሁት ስንት ነገር አለ?

የካቲት 23

ዛሬ ጠዋት ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ድምፅ፣ ከሌላ ከተማ።

"የቡና ማሽን ቤት ነው?"

"አዎ፣ መካኒኩ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?"

"እ... ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እትዬ ሚሊሜትርን ነበር።"

ዞር ብዬ አየኋት። መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ወርዷል፣ ካሊፐሩ በእጇ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቀና ሳትል አንድ ጣቷን አነሳችልኝ፣ ቆይ።

"ልክ እየወሰዱ ነው" አልኩት። "ትንሽ ይጠብቋቸው።"

ካልኩት በኋላ ነው የገባኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ባለቤቴን አንቱ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ስልኩን ይዤ ቆምኩ።