ግድግዳውን አልቀባም

ሚያዝያ 3

በዚህ ከተማ ከእኔ የሚበልጥ ቀለም ቀቢ የለም። እሺ... ሌሎቹን ገና አላየኋቸውም። ግን ቢኖሩ እስካሁን ስማቸውን እሰማ ነበር።

ዛሬ የልብስ ሰፊዋን ቤት ነጭ በነጭ አደረግሁት። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነበር፤ ቁልፉን ጎረቤታቸው ሰጠችን። ሲመለሱ ድንገት አይተው ይደሰቱ ተብሎ። ቤተ ክርስቲያናችን ለሦስት ሳምንት ወደዚህ የላከን ለዚሁ ነው። ቤት ልናድስ፣ ወንጌል ልንናገር፣ ከአገሬው ጋር ልንወዳጅ። መሪያችን ለወዳጅነቱ ሳይቀር ሰዓት መድቦለታል፤ ከዘጠኝ እስከ አሥር። በአንድ ሰዓት ወዳጅ? ቀለም እንኳ አይደርቅም።

ከስፌት መኪናው በላይ ያለው ግድግዳ የከሰል ጭረት ብቻ ነበር። ልጆች የሞነጫጨሩት መሰለኝ። ሁለት እጅ ቀለም ሰጠሁት... ድራሹ ጠፋ።

ሚያዝያ 4

እትዬ መጡ። አሥራ አንዳችንም በር ላይ ተሰልፈናል። መሪያችን ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን ደግኗል። ገቡ። አልወጡም።

«በደስታ እያለቀሱ ይሆናል» አለ መሪያችን።

ገባሁ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ።

«ማነው ይህን የቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እጅህን ይቁረጠው!»

ከሰዓት ብቻዬን ተመለስኩ። ለምን? እንጃ። ሰው ሥራዬን ሲረግም ስለማልወድ ይሆናል። በሩን አልዘጉብኝም። የሳሙና ፋብሪካው ሠላሳ አንድ ሠራተኞች የቱታ ልክ እዚያ ግድግዳ ላይ ነበር አሉኝ። የእያንዳንዱ ሰው ምልክት፣ ከሥሩ ደረቱ፣ ወገቡ፣ ክንዱ። በጭረት።

«ደብተር ላይ አልጻፉትም?»

ቀና ብለው አዩኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። እስከ አምና ድረስ በአውራ ጣቴ የፈረምኩ ሰው እንዴት አላውቀው?

«ቱታውን ለሚያዝያ አሥራ ስምንት አደርሳለሁ ብያለሁ» አሉ። «እንደገና ልለካችሁ ብል፣ የቱ ጋ ጻፍሽው ይሉኛል። ፋብሪካው በር ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ነው የሚውለው። ማንበብ እንደማልችል የሰማ ዕለት ሥራዬን ጠቅልሎ ይወስደዋል። ለማንም እንዳትተነፍስ።»

«አፌ ቁልፍ ነው፣ እትዬ።»

«ያንተ አፍ?»

በአንድ ቀን አወቁኝ።

ሚያዝያ 5

የእትዬ ሜትር አንገቴ ላይ፣ የማታ ትምህርት ደብተሬ እጄ ላይ። በምሳ ሰዓት ፋብሪካው ግቢ ገባሁ።

«የእትዬን ደብተር ቀለም ደፋሁበት። እንደገና ልለካችሁ ነው።»

ውሸት ነው። አውቃለሁ። ለወንጌል መጥቶ መዋሸት... ግን ቀለሙን መድፋቱንስ ደፍቻለሁ።

ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቤት ሊያድስ መጥቶ ደብተር አደሰ! ኧረ ኑ እዩት!» ሁሉም መጡ። ሳሙና ቀቃዩ ቦርጩን ወደ ውስጥ ስቦ ቆመ።

«ተንፍስ እንጂ ወንድሜ።»

«ተንፍሼ ነው።»

«ቱታው እስኪያልቅ ትንፋሽህን ይዘህ ልትኖር ነው?»

ተነፈሰ። ሜትሩ ሊያጥረኝ!

አጻጻፌ አዝጋሚ ነው። ሳሙና የምታሽገዋ ሴትዮ «አንተ፣ ሳሙናው ሳይደርቅ ጨርስ» አለችኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። በአንድ የምሳ ሰዓት ሰባት ሰው ብቻ።

ሚያዝያ 6

«የት ነበርክ?» አለ መሪያችን።

«ወዳጅ ሳፈራ።»

«ፕሮግራሙ ላይ የለም።»

«ወዳጆቼ ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚመቻቸው።»

ለምን እንደምሄድ ንገረኝ አለ። አልነገርኩትም። ሰነፍ አለኝ፣ እልኸኛ አለኝ። እኔ ዝም ስል ማን ያምናል? ነገም እሄዳለሁ።

ሚያዝያ 9

ሠላሳ አንዱም አለቀ። ሳሙና ቀቃዩን ሁለቴ ለካሁት፤ መጀመሪያ ወገቡን ክንዱ ቦታ ጽፌው ነበር። «ከእናንተ ውስጥ ሁለቴ የመጣህልኝ አንተ ብቻ ነህ» አለ። «ሌላው ፎቶ አንስቶኝ ሄደ።»

አሻጊዋ እናቷ መታመማቸውን ነገረችኝ። «ትጸልያላችሁ ይባላል፤ እስቲ ጸልይ።» እዚያው ካርቶን መሃል ቆሜ ጸለይኩ። አጭር። ጉራ የሌለበት። አሜን ያለችው ካርቶኗን እያሰረች ነው።

ሚያዝያ 10

እኔ አነባለሁ፣ እትዬ ነጩ ግድግዳ ላይ በከሰል ይጭራሉ። ሳሙና ቀቃዩ ክብ። አሻጊዋ ሳጥን። ዘበኛው የተከፈተ አፍ።

«የተከፈተው አፍ እኮ ለእኔ ነበር የሚገባው፣ እትዬ።»

«ላንተ ግድግዳው አይበቃም።»

ፊደል ላስተምርዎት አልኩ። «ቱታው ይለቅና ይታሰባል። አሁን አንብብ።» ትንሽ ቆይተው በጣታቸው አንድ ምልክት ነክተው፣ «የማነው? ክንዱስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አፈጠጥኩ። ምንም። በዚህ ቤት ማንበብ የማልችለው እኔ ነኝ። ሳቁብኝ። አስተማሩኝም፤ ረጅሙ ጭረት አሥር፣ አጭሩ አንድ ሳንቲሜትር።

«ድሮ ጭስ የጠጣ ግድግዳ ነበር፣ ዓይኔን ያጠፋኝ። አሁንስ ቁልጭ አለ።»

«ታዲያ ያመስግኑኛ!»

«እጅህ አይቆረጥ። ይበቃሃል።»

ሚያዝያ 14

ሃያ ሁለት ቱታ አልቋል። ቁልፍ እየተከልኩ ነው። ጣቴን አራቴ ወጋሁት። ከዘጠኝ እስከ አሥር ለወዳጅነቱ አልሄድኩም። አልሄድምም።

ሚያዝያ 15

መሪያችን ያለቀውን ቤት ፎቶ ሊያነሳ ከነቡድኑ መጣ። ግድግዳውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው ያበላሸው? ዛሬውኑ ቀባው። ካልቀባህ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ትመለሳለህ፤ ለቤተ ክርስቲያንም እጽፋለሁ።»

ተነሳሁ። ደረቴን ነፋሁ። «ይሄ ቆሻሻ አይደለም፣ ደብተር ነው!» አልኩ። «ሳትጠይቁ የሰው ደብተር ቀባችሁ። የረዳችሁ መስሏችሁ እንጀራ ልትዘጉ ነበር። ወዳጅ የሚፈልግ መጀመሪያ በር ያንኳኳል!» መሪያችን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሚያዝያ 18

ሠላሳ አንዱንም አስረከብን። የሳሙና ቀቃዩ ቱታ ልክክ አለ፤ እየዞረ አሳየን። የግድግዳው ወሬ ፋብሪካውም ደርሷል። በሩ ላይ ያለው ሰፊ «ግድግዳ ላይ የምትጽፈዋ መጣች» ብሎ ጮኸ። አሻጊዋ እጅጌዋን ዘርግታ «ያንተ ደብተር እንዲህ አድርጎ ሰፍቶ ያውቃል?» አለችው። ለሚቀጥለው ዓመትም ሥራው የእትዬ ነው።

እኔም እዚሁ ነኝ። መሪያችን የአውቶቡሱን ነገር ድጋሚ አላነሳም። ይቅርታም አልጠየቀ። እኔም አልጠየቅሁም።

ሚያዝያ አሥራ አምስት ቀን የጻፍኩትን አሁን አነበብኩት። ደስ ይላል፤ ንግግሩ። ግን የእኔ አይደለም። እኔ ያልኩት «አልቀባም» ብቻ ነው። «ለምን?» ሲለኝ «አልናገርም» አልኩ። ምስጢሩ የእሳቸው ነዋ፤ እንዴት እናገራለሁ? ያኔ ነው እትዬ የስፌት መኪናውን አቁመው የተነሱት። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄ ደብተሬ ነው» ያሉት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። በር ያንኳኳል ያሉትም እሳቸው ናቸው። ደረቱን የነፋ ማንም አልነበረም። እኔ እጄ ላይ መርፌና ቁልፍ ይዤ መሬት ተቀምጬ ነበር።