ምስማር ላይ የተሰቀለው ሱሪ

ጥር 13 ቀን 1974

ዛሬ በቅሎዋን አስረከብኩ። ዐሥራ አንድ ዓመት የከብት ክትባት ይዤ በሷ ጀርባ ስመላለስ ኖርኩ፤ ከሞላሌ ቀየት፣ ከቀየት ሞላሌ። መሥሪያ ቤቱ አሁን ሞተር ሳይክል ሰጠኝ። ቀይ ነው። በአርባ ስድስት ዓመቴ! ሚስቴ አመተሥላሴ ብትኖር በሳቅ ትሞት ነበር… ምን ዓይነት አነጋገር ነው ይሄ ደግሞ። ነፍሷን ይማርልኝ። አራት ዓመት ሆናት።

የሚያስተምረኝ አፈወርቅ ነው፣ የእርሻ ልማት ሠራተኛው። ሠላሳ አምስት አልሞላውም፣ ሚስት የለውም፣ ሞተር ከነዳ ሁለት ዓመቱ። ጥቁር የቆዳ ሱሪ አለው። ወንድሙ ከአስመራ የላከለት፣ ጉልበቱ የተደረበ።

«ጋሼ፣ በዚህች ካኪ ከወደቅህ ቆዳህን መንገድ ላይ ጥለህ ነው የምትነሣው። ከሁሉ በፊት ሱሪ ፈልግ።»

እሱ ለምክር ነው የተናገረው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። የኔን እይ፣ የሚል።

ጥር 16

ሦስቴ ወደቅሁ። ሁለቴ ሞተሩ እንደቆመ፣ አንዴ እየሄደ።

የአባቴን ተነፋነፍ ሱሪ ከሳጥን አውጥቼ ለብሼ ነበር። ለበቅሎ የተሰፋ ነው። ለሞተርስ ምን አነሰው ብዬ… ነፋሱ ጭኑ ውስጥ ሲገባ እንደ ጆንያ ተነፋ። አፈወርቅ «ጋሼ፣ ክንፍ አወጣህ እንዴ? ልትበር ነው?» አለ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ይመኙሻልም ከበሯ ሆና ሳቀች።

ይመኙሻል ልብስ ሰፊዋ ናት። ባሏ ሚሊሺያ ዘምቶ ኦጋዴን ቀረ። የሴቶች ማኅበር ስፌት አስተማራት፤ ከገበያው ጥግ አንዲት ክፍል ይዛ ትሰፋለች። ስለ እሷ ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

በኔ መሳቋ አይደለም ያቃጠለኝ። ስትስቅ ያየችው እሱን ነው።

ጥር 20

ሰልባጅ ነጋዴው ጀላሉ ከሸዋ ሮቢት ወጣ። ከክምሩ ሥር አንድ የቆዳ ሱሪ አየሁ። ጥቁር!

«ይሞክሩት እንጂ ጋሼ። ወላሂ፣ ለእርስዎ ተሰፍቶ ነው ባሕር አቋርጦ የመጣው።»

ከመጋረጃው ኋላ ለበስኩት። ቆሜ ሳየው ልክ ነው። ጀላሉ ሁለት ጊዜ ዞረኝና «ከዛሬ ጀምሮ ሞላሌ አፈወርቅን ረሳ በሉ» አለ። ይሄ ሰው ልቤ ውስጥ ያለውን በምን አወቀ? ፊቴ ላይ ተጽፏል?

ለፋሲካ ያሰባሁትን በግ ሸጬ ገዛሁት።

ጉልበቴ እንዳይላጥ ሰግቼ ነው? እውነቱን ጻፍ መርስዔ፣ የሚያነበው የለም። ለመታየት ነው።

ጥር 22

አፈርኩ።

የገበያ ቀን ነው። አዲሱን ሱሪ ለብሼ፣ ሰው እየበዛ እስኪመጣ ድረስ ጠብቄ (አዎ፣ ጠብቄ) ሞተሩ ጋ ሄድኩ። እግሬን ሳነሣ አልነሣ አለኝ። ቆዳው ጭኔን ጨምድዶ ይዞታል። በግድ አነሣሁት። ከኋላዬ ተተረተረ። አንዲት ባልቴት «እናንተ፣ ጥይት ነው?» አሉ።

ጋቢዬን ወገቤ ላይ ጠቅልዬ ይመኙሻል ቤት ገባሁ። ሌላ የት እገባለሁ?

«ቆመው ነው የለኩት?» አለች ሱሪውን ገልብጣ እያየች።

«አዎ።»

«ሞተር ላይ ቆመው ነው የሚሄዱት?»

ደግነቷ፣ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ከዚያ በቁም ነገር አወራችኝ። ካኪ ለቢሮ ነው፣ ለመንገድ አይሆንም አለች። ቆዳ ብቻውንም ጥሩ አይደለም፤ ብርዱን ይዞ ይውላል፣ ዝናብ ካገኘው ደርቆ እንደ ጣውላ ይቆማል። «የመንዝ ሰው ሆነው፣ የበግ ጠጉር ባና እያለልዎ! ባናውን ደርቤ ሰፋ አድርጌ ልስፋው። ጉልበቱና ዳሌው ላይ ከዚሁ ከተቀደደው ቆዳ እለጥፍበታለሁ። ሲወድቁ ቆዳው ይንሸራተታል፣ ሱፉ ይመክታል።»

አግዳሚው ላይ እንደ ኮርቻ አንፈራጥጣ አስቀመጠችኝ። «መሪውን ይያዙ።» ባዶ አየር ያዝኩ። ተንበርክካ ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለካች። አራት ዓመት ሙሉ የሴት እጅ አልነካኝም ነበር። ወደ ግድግዳው አየሁ። አቡነ ዘበሰማያት በልቤ ደገምኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ።

ጥር 23

ባና ያለኝ አንድ ነው። አመተሥላሴ የፈተለችው። ታማ ተኝታ እንኳ ይሄንኑ ነበር የምትለብሰው።

ሦስት ጊዜ አጥፌ ሦስት ጊዜ ዘረጋሁት… በመጨረሻ ወሰድኩላት። ይመኙሻል በእጇ ዳሰሰችው። «የማን እጅ ነው?» አለች። ነገርኳት። መቀሱን ከማንሣቷ በፊት አማተበች።

የካቲት 1

አልደረሰም። «የጉልበቱ አቆራረጥ አስቸገረኝ። ግን መላ አግኝቼለታለሁ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለችኝ።

አፈወርቅ ሞተሩን ሁልጊዜ የሚያቆመው እሷ ደጅ ነው። ጥላ ስላለው ነው ይላል። በዚህ ውርጭ ጥላ?

የካቲት 7

እሑድ። በቅዳሴ ሰዓት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ከኪዳኑ በኋላ ሾልኬ ወጥቼ ደረስኩ። የገበሬ ማኅበሩ ዘምቶ የወንዙ ቁልቁለት ላይ ጠጠር ያፈስስ ተባለ። አፈወርቅ ተነሥቶ ስለ መንገድ ልማት ተናገረ። አፍ አለው፣ አይካድም። ተጨበጨበ። እሷ እስከ መጨረሻ ካጨበጨቡት ውስጥ ናት። ቆጥሬ አይደለም… ዓይኔ እዚያ ሆኖ ነው።

ምንድን ነው የያዘኝ? ሽበቴን አልመለከትም? ሚስቴን እያሰብኩ ሌላ ሴት ማየቴ አንድ ነገር። ያላገባኋትን፣ ያልጠየቅኋትን ሴት ከሌላ ወንድ መጠበቄስ?

የካቲት 9

ሱሪዬን ልጠይቅ ሄድኩ። በሯ ገርበብ ብሏል፣ እሷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

የአፈወርቅ የቆዳ ሱሪ። አልጋዋ ራስጌ፣ ምስማር ላይ።

የወንድ ሱሪ ሴት ቤት ምስማር ላይ ምን ይሠራል? ሱሪውን እዚያ አውልቆ ምን ለብሶ ወጣ?

አልገባሁም። አልጠበቅኋትም። ቤቴ ገብቼ የአመተሥላሴ ባና የነበረበትን ባዶ አልጋ ሳየው… ሰጠሁት። የሌላ ሰው ሱሪ በተሰቀለበት ቤት እንዲቆራረጥ ሰጠሁት።

የካቲት 10

ለክትባት ስሄድ ወንዙ ጋ ደረስኩ። ጠጠሩ ትናንት ፈስሷል፣ አልተዳመጠም። እንደ ባቄላ ይንከባለላል። ጎማዬ ሸሸኝ፣ ፍሬን ስይዝ ባሰበት። ወርጄ ሞተሩን እየገፋሁ ተሻገርኩት። ስመለስም እንደዚያው።

ሳይመሽ አፈወርቅ ቢሮ ደጃፍ አገኘኝ። ያቺን ስስ ካኪ ለብሷል። አየኋት።

«ጋሼ፣ ነገ በዚያ በኩል ራቤል ልወጣ ነው። መንገዱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አልኩት።

የካቲት 11

ቀኑን ሙሉ የሞተር ድምፅ ሳዳምጥ ዋልኩ። አልመጣም።

የካቲት 12

የሰማዕታት ቀን። ቢሮ ዝግ ነው። ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተውታል። ቁልቁለቱ ላይ ነው የወደቀው።

ክሊኒክ ሄድኩ። አጥንቱ ተርፏል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተልጧል፤ ሐኪሙ ጠጠር በመቆንጠጫ ሲለቅም ነበር። አፈወርቅ ጥርሱን ነክሶ አየኝና ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ያንን መንገድ እንዴት አድርገህ ነዳኸው? በል፣ ከእንግዲህ አስተማሪው አንተ ነህ።»

መሬት አልተከፈተልኝም።

ከዚያ ይመኙሻል እየሮጠች ገባች። የቆዳውን ሱሪ በክንዷ ይዛለች። እያለቀሰች። «በኔ ጦስ ነው! የጋሽ መርስዔን ጉልበት በዚህ ልክ ልቁረጥ ብዬ አውልቅ አልኩት… ሦስት ቀን ያዝኩበት! እምቢ ቢለኝ ምናለ!»

«ምን እምቢ እላለሁ፣ ለጋሼ አይደለም እንዴ?» አለ እሱ።

ለኔ። ምስማር ላይ የተሰቀለው ለኔ ነው።

ተቀምጬ ፊቴን በጋቢዬ ሸፈንኩ። ያዘንኩለት መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ። ጠጣሁት። ውሃውን ጠጣሁት!

የካቲት 15

ጾም ገባ። ጠዋት የንስሐ አባቴ አባ ወልደ አማኑኤል ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። መንገዱን እንዳወቅሁ፣ ካኪውን እንዳየሁ፣ ደህና ነው እንዳልኩ። እንዲሞት አልፈለግሁም አልኩ።

«ምን እንዲሆን ፈለግህ?» አሉኝ።

ብዙ አሰብኩ። «እሷ እያየች እንዲወድቅ።»

መስቀሉን አላነሡልኝም። «በየቀኑ አርባ አንድ ስገድ። ይሄ ለአንተ ነው። ቆዳው ተገፍፎ የተኛው ግን እኔ አይደለሁም። ሂድ፣ ለእኔ ያልከውን ለእሱ በለው።»

ከዚህስ ስግደቱን ቢያበዙብኝ ይሻል ነበር…

የካቲት 17

ሁለት ቀን ፈርቼ ዛሬ ነገርኩት።

ሰማኝ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ሱሪዬ እሷ ቤት መሆኑን ታውቅ ነበር? ካኪ መልበሴን?»

«አዎ።»

«ብትጠይቀኝ እኮ እስቅብህ ነበር ጋሼ። ስቄብህ ይበቃ ነበር።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ወደ ይመኙሻል። እሷም ሰማችኝ። የስፌት መኪናውን ጎማ በእጇ ይዛ አቆመችው። «ደጄ ክፍት ነበር። ገብተው ይሄ የማነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አለች። ከዚያ «ሱሪዎ አልቋል» ብላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ዓይኔን አላየችም።

የካቲት 24

ሱሪው ግሩም ሥራ ነው። ስቀመጥ ጉልበቱ በጉልበቴ ላይ ያርፋል። ሱፉ ያሞቃል። የጭኑ ውስጥ አሁንም አመተሥላሴን ይሸታል።

ጠዋት ለብሼው ልሰግድ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ላይ ቆዳ፣ ከሥሩ ድርብ ሱፍ። ምንም አይሰማም። አርባ አንዱን ሳላውቀው እጨርሰዋለሁ። ተነሥቼ አወለቅሁት። በቀጭኗ ካኪ ደንጊያው ላይ ሰገድኩ።

ከሰዓት በኋላ አካፋ ይዤ ወንዙ ወረድኩ። ከመንገዱ ላይ ጠጠሩን እየጠረግሁ ወደ ዳር። ሰባት ሰዓት ጀምሬ ዐሥራ አንድ ድረስ። ነገም እመለሳለሁ።

መጋቢት 12

የአፈወርቅ እግር እያገገመ ነው። ግን አዲሱ ቆዳ ስስ ነው፤ የቆዳ ሱሪው ሲነካው ያቃጥለዋል፣ ካኪም ይፍቀዋል። ሐኪሙ ሰፊና ለስላሳ ነገር ካልሆነ አትንዳ ብሎታል።

ሰፊና ለስላሳ… አውቃለሁ ያለበትን።

ሁለት ቀን ሆነኝ ሱሪዬን ዘርግቼ ሳየው። ያንተ ፈትል አይደለም መርስዔ፣ የሷ ነው። ብትኖር ትሰጠው ነበር? ጠይቄ ሳልጨርስ ሰጥታው ትመለስ ነበር።

መጋቢት 14

ሰጠሁት። ተቀብሎ በመዳፉ አሸው። «ባናው የማን እንደሆነ ይመኙሻል ነግራኛለች» አለ። ቀጥሎ «እመልሰዋለሁ» አለ። ሌላ አላለም። ፊቱን ግን አላዞረም።

ሱሪውን ይመኙሻል ወገቡን ልታጠብብለት ወስዳዋለች። ሲለካ አላየሁም። ሆን ብዬ በሌላ መንገድ ሄድኩ።

መጋቢት 28

ዛሬ አፈወርቅ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ላይ ወጣ። ይመኙሻል ደጅ ነው የቆመው፤ ጥላው ስለሚመቸው ይሆናል። ሱሪውን ለብሷል። የኔን ሱሪ። አምሮበታል፣ ከኔ ይልቅ። ተንበርክካ የግራውን ጠርዝ አስተካከለችለት። እኔም ከእነሱ አምስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር።

ቀናሁ? አዎ። እዚሁ ደረቴ ላይ፣ እንደ በፊቱ። በየቀኑ አርባ አንድ ብሰግድም አልሄደም። አባ ይሄንን አልነገሩኝም።

ሞተሩን ሲያስነሣ ቀረብኩ።

«አፈወርቅ። ትናንት የጣለው ዝናብ ጠጠሩን መልሶ ቁልቁለቱ ላይ አውርዶታል። ከትልቁ ዋርካ ጀምረህ በአንደኛ ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን አትያዘው። ቀኙ ዳር ይሻላል፣ ትናንት ሳይመሽ በእግሬ ሄጄ አይቼዋለሁ።»

አየኝ።

«ቀኙ ዳር» አለ።

«ቀኙ ዳር።»

ሄደ። ድምፁ እስኪጠፋ ይመኙሻልና እኔ ቆመን ሰማን። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ጋሽ መርስዔ፣ በዚህች ካኪ ሲመላለሱ አያለሁ» አለችኝ። «ባና ፈልገው ያምጡ። ልክዎ እኔ ጋ አለ።»

በሯ ክፍት ነበር። ምስማሩ ባዶ ነው። ዛሬ ገብቼ ተቀመጥኩ።