ለመድረክ ሚስቴ

ድሬዳዋ
ጥቅምት 19 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለመድረክ ሚስቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ ያ አቧራ በተነሣ ቁጥር የሚያስቸግርሽ ጉሮሮሽ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀት ከኛው ይብሳል ይላሉ፤ አንቺ ግን የድሬ ልጅ ነሽና ሙቀት እንደማይበግርሽ አውቃለሁ። አጎትሽስ፣ የአጎትሽ ቤተሰብስ ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። እህል ይበላልኛል፣ ሥራዬን እሠራለሁ። «አለሁ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ደስ የሚልሽን ላስቀድም።

አዳራሹ ተከፈተ።

ያኔ ጥር ላይ በማጅራት ገትሩ ምክንያት ሰው እንዳይሰበሰብ ተብሎ ሲዘጋ ለሁለት ሳምንት አልነበር ያሉን? ዘጠኝ ወር ሆነው። አንቺ በጥር መጨረሻ ስትሄጂ ወረርሽኙ ገና መጀመሩ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሽም፤ እንኳንም አላየሽ። የኛ አዳራሽ መጀመሪያ መከተቢያ ሆነ፤ ሆስፒታሉ ሲሞላ ደግሞ የታመሙትን ማስተኛ። ከጀልዴሳ ገጠር በጋሪ ተጭኖ የሚመጣ ነበር። ተመልካች የሚቀመጥበት አግዳሚ ሁለት ሁለቱ እየተገጠመ አልጋ ሆነ።

መጋቢት ላይ እኔንም ያዘኝ። ምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ቆሜ እየሠራሁ አንገቴ ደርቆ አልዞር አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጣሪያ ብቻ ነው። የመድረካችንን ጣሪያ። ሌላ ቦታ ስላልነበረ እዚያው መድረኩ ላይ አስተኝተውኝ ኖሯል። ዐሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ዐይኔን ስገልጥ የቡድናችን ልብስ ሰፊ ወይዘሮ ቦጋለች አጠገቤ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። «ለምን ታንሾካሹኪያለሽ?» አልኳት። ደንግጣ እጇን አፌ ላይ ጫነች። ለካ እኔ እየጮህኩ ነበር።

እንግዲህ «አለሁ» ያልኩሽ ይህ ነው። በሽታው ነፍሴን ትቶ ሁለቱንም ጆሮዬን ወሰደ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጽፎ ነው የነገረኝ፤ አይመለስም ብሎ። የባቡር ፊሽካ የማይሰማ ሰው ሐዲድ አጠገብ አይሠራም ብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውረውኛል። ቀፊራ ገብቼ ዋጋ ስጠይቅ ገበያው በሙሉ ዞሮ ያየኛል፤ ድምፄን የምመጥንበት የለኝም። ቦጋለች አብራኝ ካለች መዳፏን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ ታደርግልኛለች፤ ያኔ እቀንሳለሁ። አትዘኝብኝ። ይህን የጻፍኩልሽ ቀጥሎ የምነግርሽ እንዲገባሽ ነው።

መስከረም ላይ ፈቃዱ ሲመጣ ኢስሃቅ ያንኑ የባልና ሚስቱን ተውኔት እንመልስ አለ። ደራሲም አዘጋጅም እሱ ነውና ማን ይከራከረዋል? ያንቺን ቦታ ሃዎ ያዘች። ታውቂያታለሽ፣ እናቷ ቀፊራ በርበሬ የምትሸጠው፣ ከዘማሪዎቹ ጋር ጥግ ላይ ትቆም የነበረችው። የእኔን ቦታ ግን ለሌላ ሊሰጥ አስቦ ነበር። አልፈርድበትም። ተውኔቱ እንዴት እንደሚጀምር አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ ባልየው ከስንት ዓመት በኋላ መጥቶ በር ያንኳኳል፣ ሚስትየው ሳትከፍት ከውስጥ ሆና ታዋርደዋለች። ፊቷ አይታይም። ከንፈር አይቼ እንዳልመልስ በር መሀላችን ቆሟል። ኢስሃቅ ይህንን ሁሉ ደብተሩ ላይ ጽፎ አሳየኝ፤ አንብቤ ደብተሩን መለስኩለት።

የተቆጣችው ሃዎ ናት። «አቦ፣ ጆሮ ባይኖረው እጅ አለው አይደል!» አለች አሉ። ከበሩ ጀርባ ገብታ የራሷን ቃል በጨረሰች ቁጥር ሳንቃውን በቡጢ አንድ ጊዜ መታች። እኔ በዚህ በኩል መዳፌን ሳንቃው ላይ አሳረፍኩ። ተሰማኝ። ሦስት ሳምንት እንዲያ ተለማመድን፤ ቃሉን እንደሆነ በእንቅልፌም አልስተውም።

ጥቅምት አምስት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከፈትን። ሰዉ እንዴት ናፍቆን ነበር መሰለሽ! መግቢያ ጠፋ፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ አለ። የበረኪናው ሽታ ከግድግዳው አልወጣም፤ ከተመልካቹ ውስጥ እዚያው አግዳሚ ላይ ዘመዱ የሞተበት ብዙ ነው። እንደተለመደው መፈክሩና መዝሙሩ ቀደመ። ከዚያ እኔ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ፣ አንኳኳሁ፣ መዳፌን ሳንቃው ላይ አደረግሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ምልልሶች ደህና ሄዱ። ታዲያ ሰዉ ሳቀ። የኛ ሰው ሲስቅ በእግሩ ነው፤ ወለሉን ይደልቅ ጀመር። ጣውላው ተንቀጠቀጠ፣ በሩም እጄ ሥር እንደ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ። የትኛው የሃዎ ቡጢ፣ የትኛው የሰዉ እግር እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። ተናግራ ጨርሳ ትጠብቀኝ ይሆን? ገና እየተናገረች ይሆን? ላብ ዐይኔ ውስጥ ገባ። ያን ያህል ሰው ፊት እንዲያ ብቻዬን ቆሜ አላውቅም።

ያኔ ያንቺን ድምፅ ሰማሁ።

አብዷል አትበዪኝ። ከዚያ በር ጀርባ ካንቺ በቀር ሌላ ሴት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ሃዎን አውቃታለሁ እንጂ በዚያ ቃል ድምፅዋን አልሰማሁም፣ አልሰማምም። ሰባት ዓመት የሰማሁት አንቺን ነው። የት ላይ ትንፋሽ እንደምትወስጂ፣ የት ላይ ሳቅሽን እንደምትውጪ። አንቺን እያዳመጥኩ መለስኩልሽ። ስትጨርሺ ጀመርኩ፤ ስጨርስ ጠበቅሁሽ። በኋላ እንደነገሩኝ ከሃዎ ጋር አንድም ጊዜ አልተጋጨንም።

ግን በመሀሉ ሐሳቤ ጥሎኝ ወደ ከዚራ ሰፈር ሄደ። ልትሄጂ ሁለት ቀን ሲቀርሽ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፤ አጎትሽ ጅቡቲ እንደጠራሽ፣ አንድ ነጋዴም ለትዳር እንደጠየቀሽ ነግረሽኝ «አንተ ምን ትላለህ?» ያልሽኝ ጊዜ። እኔ ሞኙ ከተውኔቱ ቃል ወስጄ «እመቤቴ፣ ደጅ የቆመ ሰው ምን ድምፅ አለው?» አልኩሽ። ሳቅሽ። ከዚያ ሳቅሽን ተውሽ፣ ሻሽሽን አጠበቅሽ፣ ሄድሽ። በዚያች ቅጽበት የአባትሽን ፊትና የእናቴን ፊት፣ የናንተን ጾምና የኛን ጾም ሳስብ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ፈራሁ ብል ይቀላል።

መድረኩ ላይ ማለት የነበረብኝ «ክፈቺልኝ» ነው። ከአፌ የወጣው «አትሂጂ» ነው። ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም፤ ቦጋለች ሦስት ጣት አሳይታኛለች። ሳንቃው በእጄ ሥር ጸጥ ሲል ሰዉ እግሩን እንዳቆመ ገባኝ። ሃዎ ገና ብዙ ልታዋርደኝ ይገባት ነበር፤ ከፈተችው። ፊቷ በእንባ ርሷል። ያኔ ነው ሃዎ መሆኗን ያየሁት።

በሩ ከተከፈተ በኋላ ያለው ቀላል ነው፣ ከንፈሯን እያየሁ ጨረስን። ሰዉ ቆሞ እጁን ወደ ላይ ያወዛውዝልኝ ነበር፤ ማጨብጨቡን እንደማልሰማ ሰምተው ኖሯል። መጋረጃው ሲዘጋ ኢስሃቅ ደብተሩን አመጣ። «ይህ ቃል ተውኔቱ ውስጥ የለም» ብሎ ጻፈ። ጥቂት አስቦ ደግሞ ከሥሩ «ይግባ» ብሎ ጨመረ። በሚቀጥለው እሁድ ግን አላልኩትም። የተውኔቱ አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ከጅቡቲ ጨርቅ የምታመጣው ኢድል ካሴት ሰጠችኝ፤ ያንቺ ነው። በድምፅሽ መልእክት መላክሽ፣ የደረሰብኝን ሳታውቂ ነው። የቦጋለችን ቴፕ ተውሼ በሬን ዘጋሁና መዳፌን ድምፅ ማውጫው ላይ አድርጌ ከፈትኩት። እስኪያልቅ ሳላነሣ ያዝኩት። ስትስቂ ዐውቄያለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ይመታል። መጨረሻው ላይ ረጅም ዝምታ አለ፤ ያለቀ መስሎኝ እጄን ላነሣ ስል አንድ አጭር ነገር ተናገርሽ። ከዚያ አለቀ። ያቺን አጭር ነገር ደጋግሜ መዳፌ ላይ አሰማኋት፤ አልገባችኝም። ኢስሃቅ ሰምቼ ልጻፍልህ አለኝ፤ እንቢ አልኩት። እኔ ሳልሰማው ሌላ ሰው ሊሰማው አይገባም።

እባክሽን በእጅሽ ጻፊልኝ። ትዳር ይዘሽ ከሆነና ያልሽው «ደህና ሁን» ብቻ ከሆነም እሱኑ ጻፊ፤ አምኜሽ ደስ ብሎኝ እኖራለሁ። ሌላ ከሆነ ግን አታሳጥሪው።

ያንቺም የኔም የሆነው አንድ ፈጣሪ ከሐሩሩና ከበሽታው ይሰውርሽ። እግርሽ በሄደበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። ቦጋለች ግንባርሽን ስማሻለች፤ ሃዎ ቦታዋን በመያዜ አትቀየመኝ ብላለች።

በሩ ላይ የቆምኩት፣
የመድረክ ባልሽ