መቆለፊያቸውን ያልቀየሩት ቁልፍ ሠሪ

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ቁልፌ» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት፣ እርሳቸው እንደሚሉት፣ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ያለ ቁልፍ ከፍተው በመገኘታቸው ነው። አባታቸውም ተቆጥተው ሳያበቁ ቁልፍ ሠሪ ዘንድ አስቀጠሯቸው።

በሃያ ስድስት ዓመታቸው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሱቋ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አታስቆምም፤ ግማሿን የብረት መያዣ ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛ ይዞታል። በሠላሳ ዓመታቸው ከሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። በሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ እንኳ ጥፍራቸው ጥቁር መሆኑን እናታችን እስከ መጨረሻው ያነሱባቸው ነበር። ለእያንዳንዳችን የቤቱን ቁልፍ ሲሰጡን በሞረድ ምልክት አደረጉበት፤ በታላቅ ወንድማችን ቁልፍ ላይ አንድ ጭረት፣ በሁለተኛው ላይ ሁለት፣ በእኔ በመጨረሻዋ ልጃቸው ቁልፍ ላይ ሦስት።

ታላቅ ወንድማችን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከአባታችን ጋር ተጣልቶ ከቤት ወጣ። የጠቡ ምክንያት ዛሬ ሲታይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አባታችን ንዴታቸው ሳይበርድ በሩ ላይ ቆመው፣ «የፈለግክበት ሂድ፤ ይሄ በር ግን መቼም ብትመጣ በያዝከው ቁልፍ ይከፈትልሃል» አሉት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

የሰፈሩን መቆለፊያ ሁሉ የቀየሩት ሰው የራሳቸውን አልቀየሩም። ሌባ ሁለት ጊዜ ገባ፤ ሁለተኛው ቴሌቪዥኑን ይዞ ሲወጣ በሩን እንኳ ዘግቶልን ነበር። እንጨቱ ሲበሰብስ አዲስ በር አሠርተው ያንኑ አሮጌ መቆለፊያ ገጠሙበት። ሁለተኛው ወንድሜ ገዝቶ ያመጣው አዲስ መቆለፊያ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ አረጀ። እናታችን ቤቱ ያስፈራቸው ነበር። ማንም ሳይኖር ቁልፍ ሲዞር ይሰማቸዋል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ተነስተን ስናይ ኮሪደሩ ባዶ ነው። «ይሄ በር ነው የሚገድለኝ» ይሉ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በፊት ሲያርፉም ፊታቸው ወደ በሩ እንደዞረ ነበር።

የአባታችን መጽሐፍ ቅዱስ ከሁሉ ይልቅ የተጎሳቆለው እግዚአብሔር ከአብራም ጋር ኪዳን የገባበት ገጽ ላይ ነው። ፀሐይ ስትገባ አብራምን ከባድ እንቅልፍ ይዞታል፤ የሚያስፈራ ጨለማም ወድቆበታል። ለኪዳኑ ለሁለት በተከፈለው የመሥዋዕት ሥጋ መካከል የሚያልፈው የእግዚአብሔር እሳት ብቻ ነው። «አየሽ ልጄ፣ አብራም አላለፈም፤ ተኝቷል» ይሉኝ ነበር። «ቃሉን የተሸከመው እግዜር ብቻውን ነው። ልጄን እንደሚመልስልኝ አምኛለሁ። እኔ ቃል የገባሁት የመቆለፊያውን ነው። እሱን ካጠፍኩ በምን አፌ እግዜርን ቃልህ የት አለ እላለሁ?» እኔ ግን እናደድ ነበር። አብርሃም ከተስፋይቱ ምድር በእጁ ያስገባው የመቃብር ቦታ ብቻ መሆኑን ሳነሳባቸው፣ «ቢሆንም የተቀበረው እዚያው ነው» አሉኝ።

አባታችን በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሆስፒታል አረፉ። ወንድሜና እኔ አጠገባቸው ነበርን። ከሰዓት በኋላ ልብሳቸውን ልንወስድ ወደ ቤት ስንመለስ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘነው። በውጭ በኩል ቁልፍ ተሰክቶበታል። አንድ ጭረት አለበት። ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ የጠፋ ዕቃም የለም። ከአልጋቸው አጠገብ ግን ወንበር ተስቧል። ጎረቤቶቻችንም የገባ የወጣ ሰው አላየንም ብለውናል። እግዚአብሔር ቃሉን ጠብቋል ብዬ በፊታችሁ እመሰክራለሁ። እሳቱ ሲያልፍ አባቴ ተኝተው ነበር።

ጋሽ ቁልፌ የሦስት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ሁለት ልጆች ብሎ የሚቆጥርባቸውን ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን አርመዋል፤ ዛሬም ሦስት ተብሎ ይነበብላቸው። ቃሉን የማያጥፈው አምላክ ነፍሳቸውን ተስፋ በሰጣቸው ስፍራ ያሳርፍልን።

ወንድም ጋሼ፣ እዚህ ከቆሙት መካከል ካለህ ስማኝ። ቁልፍህን በሩ ላይ ትተኸው ሄደሃል፤ አሁን መክፈቻ የለህም። ስለዚህ ከማክሰኞ ጀምሮ በሩን አንቆልፍም።